ሰባት ቀን በአንድ ቋጠሮ

አንድ ነጋድራስ መቶ በቅሎና አንድ ወረቀት ነበረው። በቅሎዎቹን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ወረቀቷን የሚያስታውሷት ግን እሱና ነገረ ፈጁ ብቻ ነበሩ።

የነጋድራሱ ስም ጓንጉል ነው። በቅሎዎቹ ከቆላው ገበያ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋው ከተማ ይወጣሉ፤ ጨዉን አራግፈው ተመልሰው ይወርዳሉ። መንገዱ የሦስት ቀን ሲሆን በመካከሉ ሰባት መንደሮችና ሁለት ኬላዎች አሉ። በቅሎዎቹ ሲወጡ ጭነቱ ያንገዳግዳቸዋል፤ ሲወርዱ ጀርባቸው ባዶ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲኬድ ነገሩን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ልብ ያለው ይርዳው የሚባል ነጂ ነው። ይርዳው ከከተማው በወጣ ቁጥር ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙታል። አንዷ "ቆላ ላገባችው ልጄ ይህችን ጥቅል አድርስልኝ" ትለዋለች። አንዱ "ወንድሜን እህሉ እንደ ደረሰ ንገርልኝ" ይለዋል። አንድ ቀን ወንዝ ላይ በቅሎዎቹን ውኃ እያጠጣ፣ ባዶዎቹን ጀርባዎች ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና በቀጥታ ወደ ጌታው ተመለሰ።

"ነጋድራስ፣ የሚወርዱት በቅሎዎች ምንም አልያዙም። የሰው ዕቃና መልእክት ልጫንባቸው። በመልሱ ደግሞ ምላሹን በቃል ይዤ እወጣለሁ።"

ነጋድራስ ጓንጉል ሆዱን ይዞ ሳቀ። "የሴቶች ሰላምታ ልትጭን ነው? ለመሆኑ አንዱ ሰላምታ ስንት ይመዝናል?"

"ይሞክሩኝ፣ ጌታዬ።"

"ሁለት በቅሎ ውሰድ። ከበረቱ ኋላ ያለችውን ጥግም ውሰድ። ሲሰለችህ ወደ ጨውህ ትመለሳለህ።"

ከሁለቱ በቅሎዎች አንዷ ታነክስ ነበር። ሌላዋ ድልድይ ባየች ቁጥር አልሻገርም ብላ ትቆማለች። ይርዳው ሁለቱንም ይዞ ጀመረ። ለሰባቱ መንደሮች ሰባት ዓይነት ቀለም ያለው ክር መደበ፤ ጥቅሉ በቀይ ክር ከታሰረ የመጀመሪያው መንደር ነው፤ በአረንጓዴ ከታሰረ የሁለተኛው። በየመንደሩ አንድ ዕቃ ተቀባይ መረጠ። መልእክት ይዞ የሚመጣን ሰው ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ "ለማን ልንገር? ማን እንዳይሰማ? ምላሹን ለማን ላምጣ?"

ሥራው በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን በቅሎዎች አርባ አደረጋቸው። ሰዉ "ባዶ ጀርባ" የሚል ስም አወጣለት፤ ጀርባዎቹ ሁሉ ሞልተው እንኳ ስሙን የለወጠው የለም። ባላገር ልጁን ሩቅ ሲድር "ግድ የለም፣ ባዶ ጀርባ አለ" ይል ጀመር።

ያን ጊዜ ነጋድራስ ጓንጉል ከበረቱ ኋላ ወዳለችው ጥግ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ መጣ። ሲጀመር የይርዳው እብደት የነበረው ነገር፣ ሲሳካ የቤቱ ጥበብ ሆኖ ነበር።

"ይርዳው፣ ደህና ሠራህ። ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ጀርባን ጸሐፊዬ ይይዘዋል። አንተ ወደ ጨው ትመለሳለህ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም። ሥራው አድጓል። ጸሐፊ ይፈልጋል።"

"ነጋድራስ፣ ይህ እኮ የእኔ ሥራ ነው።"

ነጋድራሱ ወረቀቷን ከደረቱ አወጣ። ይርዳው ነጂ ሆኖ ሲቀጠር አውራ ጣቱን ያሳረፈባት ወረቀት ናት። እንዲህ ትላለች፦ "ነጂው በቤቱ ቀለብ እያለ ያገኘው ሁሉ የቤቱ ነው።" ውሉ የተጻፈው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ነጂ መንገድ ላይ ባገኛት ላም ምክንያት ነበር። ሰውዬው ላሟን ነድቶ ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ ነጋድራሱ ተናደደና ይህን ቃል አስጻፈ። እንግዲህ ለላም የተጻፈው ቃል ለሐሳብም ዋለ።

ይርዳው ከሰሰ። ዝም ካለ፣ ሦስት ዓመት የለፋበትን ሥራ ሌላ ሰው ይዞት እያየ ጨው የሚነዳ ነጂ መሆኑ ነው።

ዳኛው ጉዳዩን በገበያው ዳር በዋርካው ጥላ ሥር ሰማ። ነገረ ፈጁ በመጀመሪያ ተነሣ።

"ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ሰው ሐሳቡን ያገኘው የት ነው? ይጠየቅልኝ።"

"ወንዝ ላይ" አለ ይርዳው። "ወንዙ ደግሞ የነጋድራስ አይደለም።"

"ወንዙ ላይ ምን እያየህ ነበር?"

"በቅሎዎቹን።"

"የማንን በቅሎዎች?"

ገበያተኛው ሳቀ። ይርዳው ግን አልተረታም። "ሌሎቹ ነጂዎችም እነዚያኑ በቅሎዎች ሠላሳ ዓመት ከኋላ አይተዋል። ለምን እነሱ ምንም አላገኙም?"

አሁን ደግሞ ሳቁ ወደ ነገረ ፈጁ ዞረ። ዳኛው እጁን አነሣና ጸጥ አሰኛቸው። "ዛሬ ሐሙስ ነው። ፍርዱን የዛሬ ሳምንት እሰጣለሁ። እስከዚያ ተቆራኙ።"

መቆራኘት ማለት የከሳሽና የተከሳሽ የልብስ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አብረው መዋል፣ አብረው መብላት፣ አብረው ማደር ነው። ነጋድራስ ጓንጉል ደሙ ፈላ።

"እኔ? ከነጂዬ ጋር? ዋስ እጠራለሁ! አሥር ዋስ እጠራለሁ!"

"ነጋድራስ፣ ዋስ የሚጠራው ለሚሸሽ ሰው ነው" አለ ዳኛው። "እናንተ አትሸሹም። ችግራችሁ አለመተያየት ነው።"

የነጋድራሱ ነጭ ኩታ ጫፍና የይርዳው ያደፈ ጋቢ ጫፍ አንድ ላይ ተቋጠሩ። ባዶ ጀርባ ለሰባት ቀን በጸሐፊው እጅ ይቆያል ተባለ። ጸሐፊውም ደስ ብሎት ትልቅ መዝገብ ከፈተ።

የመጀመሪያው ጠዋት በክርክር ጀመረ።

"ታንኮራፋለህ" አለ ነጋድራሱ።

"እርስዎ ደግሞ ኩታዎትን እየጎተቱ ብርድ ላይ ጣሉኝ።"

"ኩታው የኔ ነው።"

"ለሱም ወረቀት አለዎት?"

የነጋድራሱ ከንፈር ዳር ፈገግታ ብልጭ አለ።

ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ጸሐፊው ከግቢው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል፤ ሆኖም ሴቶቹ በጠረጴዛው በኩል እያለፉ ከበረቱ ኋላ ወዳለችው ጥግ ሄዱ። ይርዳው "እኔ ዛሬ እስረኛ ነኝ፣ ወደ ጸሐፊው ሂዱ" ቢላቸው አልሰሙትም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋችና ነጋድራሱን ስታይ ደነገጠች።

"ይሄ ሰውዬ ሊሰማ ነው?"

"አብሮኝ ታስሯል፣ እትዬ። ምን ላድርግ?"

"እንግዲያው ጆሮዎን ይያዙ፣ ነጋድራስ! ፊትዎንም ወዲያ ያዙሩ!"

በአገሩ የሚፈራው ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ሁለት ጣቶቹን በጆሮዎቹ ከትቶ፣ ፊቱን ወደ በረቱ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ሰዎቹ መጥተው ይሄዳሉ። ምን እንደሚሉ አይሰማም፤ ነገር ግን አንዳንዴ ሰርቆ ሲያይ ፊታቸውን ያያል። ጨንቋቸው ይመጣሉ፤ ቀልሏቸው ይሄዳሉ። ነጋድራሱ በዕድሜው ሙሉ ከሱ ዘንድ እንዲህ ሆኖ የሄደ ሰው ትዝ ሊለው አልቻለም።

እሑድ ደግሞ ተራው የይርዳው ሆነ። አዲስ የመጣ የኬላ ሹም የባዶ ጀርባን በቅሎዎች አላሳልፍም ብሎ አግዷል የሚል ወሬ መጣ። ነጋድራሱ ተነሣ፤ ይርዳውም እየተጎተተ ተከተለው። ይርዳው ጭቅጭቅ ጠብቆ ነበር። ነጋድራሱ ግን ከሹሙ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የእናቱን ጤንነት ጠየቀው። ስለ አገሩ ዝናብ አወሩ። የሚያውቋቸውን ሰዎች በየተራ አነሡ። ሁለቱ የሩቅ ዘመድ ሆነው ተገኙ፤ እንደገናም ተሳሳሙ። ከቀትር በኋላ ነጋድራሱ ሊሄድ ሲነሣ ነው እግረ መንገዱን የበቅሎዎቹን ነገር ያነሣው። ሹሙ ራሱ በሩን ከፈተ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለ ይርዳው ሲመለሱ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ በቅሎህ ያለፈችው፣ የኬላው ሹም የክርህ ቀለም አምሮት መሰለህ? በሁለቱ ኬላ ስድስት የክርስትና ልጆች አሉኝ። በየሠርጉና በየልቅሶው ጉልበቴ አልቋል።"

እውነቱን ለመናገር፣ ይርዳው በቅሎዎቹ እንዲያው ያለፉ መስሎት ነበር።

በማግስቱ ያቺ ድልድይ የምትፈራው በቅሎ ሆዷን አመማት። ነጋድራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሆዷን እያሸ፣ በስሟ እየጠራ፣ ግቢውን ሲያዞራት ዋለ። ይርዳውም ከጎኑ ዞረ። ይህ ሰው መቶውን በቅሎ ቆጥሮ እንጂ አንዷንም ለይቶ አያውቅም ብሎ ያስብ ነበር።

"ድልድይ የምትፈራው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለ ነጋድራሱ።

"አላውቅም።"

"ውርንጭላ ሳለች የበሰበሰ ድልድይ ከሥሯ ተሰበረ። ወንዙ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ፤ በገመድ ጎትቼ አወጣኋት።" ሆዷን መታ መታ አደረገና "ሰነፍ በቅሎ አይደለም የሰጠሁህ" ብሎ ጨመረ። የሌላዋን ማነከስ ግን አላነሣም።

ማክሰኞ አንድ ሸማኔ እየተንደረደረ ግቢው ገባ። ሚስቱ አኩርፋው በመጀመሪያው መንደር አባቷ ቤት ከርማለች። ሸማኔው የይቅርታ ቃል ለጸሐፊው ሰጠ፤ ጸሐፊውም ስሙን፣ መንደሩንና ቃሉን በመዝገብ አስፍሮ፣ ማን እንዳይሰማ ሳይጠይቅ በወረቀት ገልብጦ ላከ። ጸሐፊው ያሰማራው አዲስ ነጂ መንደሩ ሲደርስ ሴትዮዋን ገበያ መሐል አገኛት። ድንጋይ ላይ ወጣና ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ባልሽ 'በወጥሽ ጨው ዳግመኛ አላማርርም፤ እባክሽ ተመለሽ' ብሏል!" ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለፈች ባገደመች ቁጥር "ጨው በዛ እንዴ?" ይሏታል።

ሸማኔው ነጋድራሱ ፊት ቆመ። "የባዶ ጀርባ ባለቤት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ" አለ ነጋድራሱ፤ ለሰው ሁሉ እንዲያ ሲል ሰንብቷልና።

"እንግዲያው ሚስቴን ይመልሱልኝ! ምላሿን ያው ነጂዎ እዚሁ በር ላይ በሰው ፊት አነበበልኝ። 'ልመጣ ነበር፤ አሁን ግን አልመጣም' ብላለች!"

ነጋድራሱ ወደ ጎኑ ዞረ። "ይርዳው፣ ምን ይሻላል?"

"እኔ የጨው ነጂ ነኝ፣ ነጋድራስ። መዝገቡን ይጠይቁ።"

ነጋድራሱ መዝገቡን አየ። ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊውም በትጋት "ሁሉም በሥርዓቱ ተመዝግቧል፣ ጌታዬ" አለ። ሸማኔው መሬት ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ። ይርዳው ያን ጊዜ አላስቻለውም። ጋቢው እስኪወጠር ድረስ ጎንበስ አለና በሸማኔው ጆሮ ተናገረ። ነጋድራሱ ማንም ሳያዘው ጆሮውን ያዘ።

ሸማኔው ወጥቶ ሄደ።

"ምን አልከው?"

"ይህን መልእክት ከእንግዲህ በቅሎ አይሸከመውም፤ ራስህ ሂድ አልኩት። ስትደርስ ስለ ጨው አንዲት ቃል አታንሣ አልኩት።"

"ይህ መዝገብ ላይ ቢጻፍ..."

"መዝገቡ ላይ ሲጻፍ ጸሐፊው ያነበዋል፣ ነጋድራስ።"

ሐሙስ ደረሰ። ዋርካው ሥር ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ነገረ ፈጁ ወረቀቷን አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለተኛ ጊዜ አነበበ። ዳኛው ተቀብሎ ተመለከታት።

"ወረቀቱ ግልጽ ነው፤ አውራ ጣቱም የይርዳው ነው። በቅሎዎቹ፣ ክሩ፣ መዝገቡ፣ 'ባዶ ጀርባ' የሚለው ስም ሳይቀር የነጋድራስ ጓንጉል ነው። ይርዳው ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነው፤ ወደ ወደደው ይሂድ። ቋጠሮው ይፈታ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ይርዳው አንገቱን ደፋ። ነገረ ፈጁ እየሳቀ ቋጠሮውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል የነጋድራሱ እጅ ቀደመውና ቋጠሮውን ጨበጠ።

"ቆይ!"

"ጌታዬ፣ አሸነፍን እኮ!"

"ምን አሸነፍን? ክር ነው ያሸነፍነው!" ነጋድራሱ ወደ ዳኛው ዞረ። "ጌታዬ ዳኛ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ፈርደውልኛል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ግን ይሄ ነው።" ኩታውን ሳብ ሲያደርገው ይርዳው ተወዛወዘ። "ይህ ከተፈታ እኔ ዘንድ የሚቀረው አርባ በቅሎና ድንጋይ ላይ ወጥቶ የሚጮኽ ሰው ነው።"

ዳኛው ወደ ይርዳው ተመለከተ። "አንተስ? ነጻ ነህ። ነገ የራስህን ባዶ ጀርባ ታቆማለህ?"

ይርዳው ቋጠሮውን ተመለከተ። "ከሳምንት በፊት ቢጠይቁኝ አዎ እል ነበር። አሁን ግን ኬላዎቹን ሳስብ በሩን ማን እንደሚከፍትልኝ አላውቅም። እኔ በየመንደሩ ሰው አለኝ፤ በየኬላው ግን የለኝም።"

"እንግዲያው አዲስ ወረቀት ይጻፍ" አለ ዳኛው። "ነገር ግን ማንም የራሱን ድርሻ አያጽፍም። ነጋድራስ የይርዳውን ያጽፉ፤ ይርዳው የነጋድራስን ያጽፍ። ሰባት ቀን ሙሉ ያያችሁት ነገር ካለ አሁን ይታያል።"

ይርዳው ጀመረ። ኬላዎቹን አስጻፈ፤ ስድስቱን የክርስትና ልጆች አስጻፈ፤ በቅሎዎቹን በየስማቸው የሚጠራቸው ሰው ማን እንደሆነ አስጻፈ።

ከዚያ ተራው የነጋድራሱ ሆነ። "ሐሳቡ የይርዳው ነው፤ ወንዝ ላይ ነው ያገኘው። ክሩ የይርዳው ነው። ማን እንዳይሰማ የሚለው ጥያቄ የይርዳው ነው፤ ያለሱ ሌላው ሁሉ ጭነት ነው።" ጸሐፊው ብዕሩን ሊያነሣ ሲል ነጋድራሱ "አልጨረስኩም" አለው። "የሳቅሁበትንም ጻፍ። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሳቅሁበት።"

"ጌታዬ፣ ሳቅ ውል ውስጥ አይገባም!" አለ ነገረ ፈጁ።

"ይግባ። ላሟ ከገባች ሳቁም ይግባ።"

ይርዳው ፊቱን አዞረ። ሰው ሁሉ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየው፤ ሆኖም ጋቢው ከኩታው ጋር ስለ ተቋጠረ የነጋድራሱ ኩታም አብሮ ወደ ዓይኑ ሄደ። ነጋድራሱ አልጎተተውም።

ባዶ ጀርባ የሁለቱ እኩል ንብረት ሆነ። መንገዱንና ኬላውን ነጋድራሱ ሊጠብቅ፣ ሥራውን ይርዳው ሊመራ ተስማሙ። የድሮዋም ወረቀት አልተቀደደችም፤ ከሥሯ አንድ መስመር ተጨመረባት፦ "ነጂው ላም ካገኘ ላሟ የቤቱ ናት። ሐሳብ ካገኘ ግን ቤቱና እሱ ተቀምጠው ይነጋገሩ።" ከሕዝቡ መሐል ሸማኔው ከሚስቱ ጋር ቆሞ ከሁሉ በላይ እልል አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው፤ ስለ ጨው ግን ማንም ምንም አላለም። ያን ቀን ያዘነ ሰው ቢኖር ነገረ ፈጁ ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በቅሎው ኮምፒውተር ሆኗል፤ ነጋድራሱ እናት ኩባንያ፣ ነጂው የስታርትአፕ መሥራች ተብሏል። ወረቀቷ ግን ያችው ናት። አንድ ሰው በሰው ጣሪያ ሥር አዲስ ነገር ያስባል፤ ሲያስበው ይሳቅበታል፤ ሲሳካለት የተቀጠረበት ውል ይወጣል። ፍርድ ቤት ይደርሳሉ፤ በመካከላቸው ጠበቆች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ ፍርዱ ይነበባል። ወረቀት በእጅ ያለውን ሁሉ ማስረከብ ይችላል። በጆሮ የተነገረውን፣ በልብ የተያዘውን፣ ነገ ሊታሰብ የሚችለውን ግን ማስረከብ አይችልም። ባለ ሐሳቡም ቢሆን፣ በሩን ማን ሲከፍትለት እንደኖረ ሳያውቅ ብቻውን የሄደ ይመስለዋል።

ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ዳኛ አላጋጠመውም። ቋጠሮው በቶሎ ተፈትቶላቸው፣ ባዶ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ቤታቸው የሄዱ ብዙ ናቸው። ገንዘቡ ሳይሆን "ስቄብህ ነበር" የሚላቸው ሰው ማጣታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክናቸው።

እናንተስ? አሁን በክርክር ላይ ያላችሁት ሰው ካለ፣ የኩታችሁ ጫፍ ከሱ ጋር ሰባት ቀን ቢቋጠር፣ በስምንተኛው ቀን የሱን ድርሻ ምን ብላችሁ ታጽፉ ነበር?